ግፊትና ድብርት፤ የሁለቱን መድኃኒት አብሬ ስወስድ ያየሁት

ሱሪ ላሳጥር ብሎ ይመጣል፤ ሱቁ ውስጥ ሌላ ሰው አለመኖሩን ካየ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "የግፊቱንና የጭንቀቱን አብረህ ነው አሉ የምትውጠው፣ አይጣሉም?" ይለኛል። እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው እየበዛ ስለመጣ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

አብረው ይዋጣሉ። እኔም እየዋጥኩ ነው። ነገር ግን "የግፊት መድኃኒት" የሚባል አንድ መድኃኒት የለም፤ "የድብርት መድኃኒት" የሚባልም አንድ የለም። ሁለቱም ብዙ ዓይነት ናቸው። አንዱ ከአንዱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል፣ ሌላው ከሌላው ጋር ይጋጫል። ስለዚህ "ይጣላሉ ወይ?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መጀመሪያ የምለው "የምትውጠውን ስም ንገረኝ" ነው። አብዛኛው ሰው ስሙን አያውቀውም። "ነጯ፣ ትንሿ" ይላል።

ሐኪም እንዳልመስላችሁ፤ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምጽፈው በራሴና በቤተሰቤ ላይ ያየሁትን፣ ከሐኪምና ከፋርማሲስት እየጠየቅሁ የገባኝን ነው።

ግፊት ከያዘኝ ቆይቷል። የምወስደው አቴኖሎልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነበር። ይቺ ሁለተኛዋ ያቺ ሽንት የምታመላልሰው ናት፤ ጠዋት ካልዋጧት ሌሊቱን በሙሉ ከአልጋ ስታስነሳ ታድራለች። ከሁለቱ ጋር ለምደን በሰላም እንኖር ነበር።

ድብርቱ ኋላ የመጣ ነው። ድብርት ስል እንዲሁ የከፋኝ አይምሰላችሁ። ጨርቁ ፊቴ ተዘርግቶ፣ ኖራው ተሰምሮበት፣ መቀሱን ይዤ የት ጋ እንደምቆርጥ ማሰብ ያቅተኝ ነበር። ሌሊት 9 ሰዓት እነቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል የለም። እህል ጭድ ጭድ ይለኛል። የደንበኛ ስልክ ሲጮህ እያየሁት ይዘጋል። ለምንም ነገር ግድ ሲያጡ ደግሞ ለክኒንም ግድ ያጣሉ፤ የግፊቱን አንድ ቀን መዋጥ፣ አንድ ቀን መተው ሆነ። ይህ በእኔ ብቻ የደረሰ አይደለም፤ የተደበረ ሰው መድኃኒቱን በሥርዓት አይወስድም፤ ስለዚህ ድብርቱን መታከም ግፊቱንም መታከም ነው። ዘመድ የየራሱን አለ። አንዱ ዓይን ነው፣ አንዱ ሥራ በዝቶበት ነው፣ አንዱ ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም። ባለቤቴ ግን "ተነስ፣ እንሂድ" አለችኝና ሄድን።

መጀመሪያ የተሰጠኝ አሚትሪፕቲሊን ነው። የቆየ መድኃኒት ነው፣ ርካሽ ነው፣ ማታ ሲወስዱት እንቅልፍ ያመጣል። እውነትም እንቅልፉ መጣ። አፌ ግን ደረቀ፣ ሆዴ ደረቀ፣ ይህንንስ ቻልኩት። ያልቻልኩት ከስፌት መኪናዬ ብድግ ስል ነው። ሰው ለልክ ሲመጣ ተነስቼ ሜትሩን ከአንገቴ ሳወርድ ዓይኔ ይጨልምና ግድግዳው ይዞርብኛል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ካልያዝኩ መውደቄ ነው። አንድ ቀን የደንበኛዬን ትከሻ እለካለሁ ብዬ ትከሻው ላይ ተደገፍኩበት።

ግፊቴን ሄጄ ተለካሁ። "ደህና ነው፣ እንዲያውም ቆንጆ ነው" ተባልኩና ተመለስኩ። ተቀምጬ ነዋ የተለካሁት! በሌላ ጊዜ ያገኘሁት ሐኪም ግን የሆነውን ስነግረው መጀመሪያ አስተኝቶ ለካኝ፣ ቀጥሎ አስቁሞ ለካኝ፣ 3 ደቂቃ አቁሞኝ ደግሞ ለካኝ። የላይኛው ቁጥር ከ20 በላይ ወርዶ ተገኘ። ሰው ሲቆም የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ችግር አለ ማለት ነው። ስንቆም ደም ወደ እግር እንዳይወርድ የደም ሥሮቻችን ጠበብ ማለት አለባቸው፤ አሚትሪፕቲሊን ይህን ያሰንፋል። የግፊቱ መድኃኒትም በበኩሉ ግፊቱን ወደ ታች ይስባል። ሁለቱ ባንድ ላይ ሲሆኑ የቆመውን ሰው ይጥሉታል። ለእኔ ዕድሜ መዞር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ለሽማግሌና ለባልቴት ግን የዳሌ ስብራት ነው።

ስለዚህ አሚትሪፕቲሊን ከግፊት መድኃኒት ጋር ለምትወስዱ፣ ቁማችሁም እንድትለኩ ጠይቁ። አያፍሩበትም። ከአልጋ ስትነሱ መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ እግራችሁን አንጠልጥላችሁ ትንሽ ቆዩ፣ ከዚያ ቁሙ። ልብ ላይ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ኢሲጂ (የልብ ምትን በወረቀት የሚያወጣ ምርመራ) ቢነሳ ይሻላል፤ አሚትሪፕቲሊን የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል፤ የሽንቷ ክኒን ፖታሲየም የሚባለውን የደም ማዕድን ስታወርድ ይህ ይብሳል።

ሐኪሙ አሚትሪፕቲሊኑን ቀስ በቀስ አስቀንሶ ወደ ፍሉኦክሰቲን አዞረኝ፤ 20 ሚሊግራም፣ ጠዋት ጠዋት። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ሊነሳ ስለሚችል ነው ጠዋት የሚሆነው። "ዛሬ ውጠህ ነገ አትጠብቅ" አለኝ፤ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና መቁነጥነጥ ነበረኝ፣ አለፈ። አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጎ ለባለቤቴ ነገራት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውዬው ከወትሮው የተለየ ከተበጠበጠ፣ ወይም ራሱን ስለማጥፋት ካሰበ፣ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ነው። እኔ ላይ አልደረሰም። የደረሰበት ሰው ግን ብቻውን ይዞት እንዳይቀመጥ።

ከዚያ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው፣ በደማችንም የሚገኝ ማዕድን) ተለካ አለኝ። ለምን? አልኩት። የሽንቷ ክኒን ሶዲየም ታወርዳለች፤ ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የመሳሰሉት የድብርት መድኃኒቶችም ሰውነት ውሃ እንዲይዝ አድርገው ሶዲየሙን ያቀጥኑታል። ሁለቱ ሲገናኙ ይብሳል፤ በተለይ በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት። ሶዲየም ደም ውስጥ በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል መሆን አለበት። ከመጀመሬ በፊት ተለካሁ፣ ከጀመርኩ ከ2 ሳምንት በኋላ ደገምኩ። የኔ ደህና ወጣ።

የአክስቴ ግን ደህና አልነበረም። እሷም የሽንቷን ክኒን ለግፊት ትወስድ ነበር፤ ልጇን ቀብራ ሐዘኑ አልለቃት ሲል ሰርትራሊን ተጀመረላት። ሶዲየም የለካላት አልነበረም። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ራሴን አመመኝ አለች፣ ምግብ አስጠላት፣ ሰውነቷ ዛለ። ሐዘን ነው ተባለ። አንድ ቀን ከሰዓት ቡና ልታፈላልን ቁጭ አለች። ቡናውን እንደ ወትሮዋ አሳምራ ቆላች፣ ጭሱን አዞረችልን፤ ከዚያ ሳትወቅጠው ፍሬውን እንዳለ ጀበናው ውስጥ መጨመር ጀመረች። እኛ ዝም ብለን አየናት። "እትዬ፣ አልተወቀጠም እኮ" ስላት አየችኝ፣ የአባቴን ስም ጠራችና "አንተ ደሞ መቼ መጣህ?" አለችኝ።

ሰፈሩ ያው እንደ ሰፈር ነው፤ ዛር ነው ያለ አለ፣ እርጅና ነው ያለ አለ። ጸበል ተወሰደች። ጸበሉን በጀሪካን እየቀዱ አጠጧት፤ ባሰባት። በኋላ ሆስፒታል ስትገባ ሶዲየሟ በጣም ወርዶ ተገኘ። የሽንቷ ክኒን ቆመች፣ ውሃ ተመጥኖ ሰጧት፣ ሶዲየሙን በጥንቃቄ ቀስ እያሉ መለሱላት፤ ለግፊቷ አምሎዲፒን ተተካ። ዛሬ ቡናዋን ራሷ ወቅጣ ታፈላለች፣ እኛንም ትቆጣለች።

ጸበሉን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። እኔም እጠመቃለሁ። ግን እነዚህን ሁለት መድኃኒቶች አብሮ የሚወስድ ሰው ሊትር በሊትር ውሃ ሲጠጣ ያቺው የቀጠነች ሶዲየም ይበልጥ ትቀጥናለች። መጠመቅ ይቻላል፣ መቅመስ ይቻላል፤ እየጠጡ ማስመለሱ ነው አደጋው። ሌላው ደግሞ "ጸበል ከገባህ ክኒን አቁም" የሚል ሰው አይጠፋም። አቴኖሎልን የመሰለ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ልብ ትፈረጥጣለች፣ ግፊት ይዘላል፣ የልብ ሕመም ያለበትን እስከ መግደል ይደርሳል። የድብርቱም በድንገት ሲቆም ራስ ይዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ሰውነትን ኤሌክትሪክ እንደነካው ንዝር ያደርጋል፤ ሰው ደግሞ "ይኸው መንፈሱ ጮኸ" ይላል። የንስሐ አባቴን ስጠይቃቸው "መድኃኒቱንም የፈጠረው እርሱ ነው፣ ዋጥና ተጠመቅ" አሉኝ። የናንተንም ጠይቁ።

እግረ መንገዴን ስለ ጨው። "ሶዲየም ጨው አይደለም እንዴ? እንግዲያ ጨው ልጨምርበት" የሚል ሰምቻለሁ። አይሆንም። ሶዲየሙ የወረደው ጨው ስላነሰ ሳይሆን ውሃው ስለበዛ ሊሆን ይችላል፤ ጨው መጨመር ግፊቱን ማስነሳት ነው። ለግፊት የሚመከረው የጨው መጠን በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ በሽሮአችንና በበርበሬአችን ውስጥ ያለውም ከዚህ ይቆጠራል። የሶዲየም መውረድ የላቦራቶሪና የሐኪም ጉዳይ ነው።

እንግዲህ አቴኖሎልና ፍሉኦክሰቲን ተስማምተውልኝ፣ እንቅልፌ ተመልሶ፣ መቀሱም መቁረጥ ጀምሮ እያለ አቴኖሎል ከገበያ ጠፋ። የመድኃኒት መጥፋት እዚህ አገር ለማንም አዲስ አይደለም። ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከማራኪ እስከ አዘዞ በባጃጅ ዞርኩ፤ የለም። በመጨረሻ አንድ ክሊኒክ ሜቶፕሮሎል ተጻፈልኝ። "ያው ነው፣ ወንድሙ ነው" ተባልኩ። እውነት ነው፣ ወንድሙ ነው። ሌላ የምወስደው መድኃኒት ይኑር አይኑር ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ እግሬ እርሳስ ሆነ። ሁልጊዜ የምወጣትን ዳገት መሃል ላይ ቆሜ የፋሲልን ግንብ አጥር እንደሚጎበኝ ቱሪስት አያለሁ፤ እውነቱ ግን ትንፋሽ አጥሮኛል። ቤት ያለችው መለኪያ ላይ ግፊቱን ብቻ ነበር የማየው፣ እሱ ወረድ ብሏል እንጂ አያስፈራም። ከሥር ያለችውን ሦስተኛዋን ቁጥር ሳይ 46 ትላለች። የልብ ምት ናት። ተቀምጦ ያረፈ ሰው ልቡ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ይመታል።

ነገሩን የደረሰችበት አንዲት ወጣት ፋርማሲስት ናት። ሜቶፕሮሎሉን ልትሸጥልኝ እጇ መደርደሪያው ላይ ደርሶ "ጋሼ፣ ሌላ የሚወስዱት አለ?" አለችኝ። ፌስታሌን ዘረገፍኩላት። ፍሉኦክሰቲኑን አንስታ አየችው፣ ሜቶፕሮሎሉን አየችው። "ምትዎ አልቀነሰም?" አለች። እኔ ምንም ሳልነግራት! ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሜቶፕሮሎል ጉበት ውስጥ ተፈጭቶ ነው የሚወጣው። ፍሉኦክሰቲን ደግሞ የሚፈጨውን ወፍጮ ይዘጋዋል። የወሰዱት 50 ሚሊግራም ቢሆንም ደም ውስጥ የሚከማቸው ከዚያ የበለጠ የወሰዱ ያህል ነው። አቴኖሎል ግን በኩላሊት ስለሚወጣ ወፍጮው አይመለከተውም፤ ለዚህ ነው ከእሱ ጋር ያልተጋጨው። ለሐኪሜ ወረቀት ጻፈችልኝ፤ መጠኑ ተቀነሰልኝ፤ ምቴ ወደ 60ዎቹ ተመለሰ። "ዛሬውኑ ያቁሙት" አላለችኝም፣ ልብ በሉ። ልክ እንደ አቴኖሎል እሱም በድንገት አይቆምም።

ሰርትራሊን በተለመደው መጠን ይህን ወፍጮ ያን ያህል አያስቸግረውም። ካርቬዲሎልና ፕሮፕራኖሎል የሚባሉትን የሜቶፕሮሎል ወንድሞች የሚወስዱ ግን ከፍሉኦክሰቲን ጋር እንደ ሜቶፕሮሎል ይጠንቀቁ። አምሎዲፒንና ኢናላፕሪል የሚባሉት የግፊት መድኃኒቶች ከፍሉኦክሰቲንም ከሰርትራሊንም ጋር ብዙውን ጊዜ በሰላም ይኖራሉ። ቬንላፋክሲን የሚባል የድብርት መድኃኒት ደግሞ አለ፤ እሱ ራሱ ግፊት ሊያስነሳ ይችላል፣ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል።

እኔ የያዝኩት ደንብ ይህ ነው፤ ከሁለቱ አንዱ በተቀየረ ቁጥር ጥንዱ አዲስ ነው። መጠን ቢጨመር፣ ስም ቢቀየር፣ "ወንድሙ" ቢሰጥ፣ እንደ መጀመሪያው ቀን እቆጥረዋለሁ። ለተወሰነ ጊዜ ጠዋትና ማታ ግፊቱንም ምቱንም እጽፋለሁ። መለኪያ የሌለው አውራ ጣቱ ሥር ያለችውን የእጅ አንጓ በሁለት ጣት ይዞ 30 ሴኮንድ ቆጥሮ በ2 ያባዛ። ከ50 ከወረደ፣ ወይም ራስ መሳት ከመጣ፣ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ሌላው ችግር ካርዱ ነው። የግፊት ክትትሉ አንድ ቦታ፣ የአእምሮው ሌላ ቦታ። ክፍሎቹ አይነጋገሩም፤ የሚያገናኛቸው በሽተኛው ነው። በሽተኛው ደግሞ የአእምሮ ክፍሉን ካርድ ደብቆ ይይዛል፤ ማፈር ነዋ። እኔ ሁሉንም ባንድ ፌስታል ይዤ እሄዳለሁ፤ እንክብሉን ከነማሸጊያው። ከማሸጊያው ስትቆርጡ ስሙ የተጻፈበትን ጥግ መጨረሻ አድርጉት። በወረቀት ተጠቅልላ የምትሰጥ ራቁቷን ያለች ክኒን ካለች ስሟንና ሚሊግራሙን ፋርማሲው በእስክሪብቶ ይጻፍላችሁ። "የጭንቀት ነው" ማለት ካሳፈራችሁ አትናገሩ፤ ፌስታሉን ብቻ አስቀምጡት፣ እነሱ ያነቡታል።

ወገቤን ብሎ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጥ ሰው ብዙ ነው፣ እኛ ልብስ ሰፊዎች ደግሞ ወገባችን ጠላታችን ነው። እነዚህ ግፊት ያስነሳሉ፤ ከፍሉኦክሰቲንና ከሰርትራሊን ጋር ጨጓራን ሊያደሙ ይችላሉ፤ ኢናላፕሪልና የሽንቷን ክኒን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ኩላሊት ላይ ይከፋል። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ከነዚህ የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሌላ ጣጣ አለው፤ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ መዘባረቅ፣ እንደ የሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ይችላል። እኔ ሲብስብኝ ፓራሲታሞል ነው። አፍንጫ ለሚከፍት የጉንፋን ክኒንም ግፊት እንዳለባችሁ ንገሩ። አረቄ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሰውን እንደ ግንድ ይጥላል። ጫት ግፊቱንም ምቱንም ይሰቅላል፤ መድኃኒቱ የሠራውን ያፈርሳል። ኮረፌውን ለዓመት በዓል ትንሽ እቀምሳለሁ፣ አልዋሽም።

ጾም ሲገባ ሰዓቱን ከሐኪሜ ጋር እናስተካክላለን። እስከ 9 ሰዓት ለሚቆይ ሰው በቀን አንዴ የሚወሰደውን ክኒን ሰዓት መቀየር ብዙ ጊዜ ይቻላል፤ ዋናው በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። የሽንቷን ክኒን እየወሰዱ በፀሐይ ሳይጠጡ መዋል ግን መዞርን ስለሚያመጣ መናገር ያስፈልጋል።

አሁን ደህና ነኝ። ሐኪሜ ግን ደህና ከሆንክ በኋላም ቢያንስ 6 ወር ትቀጥላለህ ብሎኛል፤ ያለበለዚያ ይመለሳል። ፍሉኦክሰቲኑ የሚቆመውም እሱ ሲለኝ ነው። ያኔም ወፍጮው ወዲያው አይከፈትም፤ ፍሉኦክሰቲን ከቆመ በኋላ ሰውነት ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ቀስ እያለ ሲወጣ ሜቶፕሮሎሉ ቶሎ መፈጨት ይጀምራል፣ የተቀነሰልኝ መጠንም ሊያንሰኝ ይችላል፤ ምቴም ግፊቴም ሽቅብ ሊሄዱ ነው። ስለዚህ በዚያ ወር ደብተሬን እንደገና እከፍታለሁ፤ ቀጠሮውን ከፋሲካ ማግስት አድርገነዋል።